ጽፈሽ አምጪ

ዮፍታሄ ማስታወቂያውን ያገኘው ከእኔ ኮምፒውተር ላይ ነው። ግንቦት ውስጥ የሆቴላችንን ኢንተርኔት ሊያይ መጥቶ ከእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ጀርባ ሲገባ ገጹን ከፍቼው ነበር። ውሃ ላመጣለት ወደ ኩሽና ሄድኩ። ስመለስ ስልኩን ወደ ኪሱ እየከተተ ነበር። ገጹም ከተውኩበት ወደ ታች ወርዶ የማመልከቻው የመጨረሻ ቀን ላይ ቆሟል።

ማስታወቂያው የአንድ የሆላንድ ዩኒቨርሲቲ ነበር። በኳንተም ኮምፒውተርና በኳንተም ኔትወርክ ዶክትሬታቸውን የሚሠሩ ተማሪዎች ይፈልጋል። ለአራት ዓመት ደመወዝ ይከፍላል። ከአፍሪካ ለሚያመለክቱ የተለየው ቦታ አንድ ነው።

አንድ የሚለውን ቁጥር ሁለታችንም አንብበነዋል።

እኔና ዮፍታሄ የፊዚክስ ማስተርሳችንን አገር ቤት፣ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ዓመት ነው የጨረስነው። አሥራ አንድ ነበርን። ሥራ አጥተን ሁለታችንም ጁባ መጣን፤ እኔ አማራት በሚባለው ሰፈር እትዬ በዛብሽ ሆቴል ቁልፍ ልሰጥ፣ እሱ ለአንድ የኢንተርኔት ድርጅት ጣሪያ ላይ እየወጣ ዲሽ ሊያዞር። ጁባ መሬት ውስጥ የተቀበረ የፋይበር መስመር የላትም። ሁሉም ነገር በሳተላይት ነው። የእኛን ዲሽ ደግሞ ባለፈው ዓመት ሐምሌ ጥይት በስቶታል፤ ቀዳዳው ጣት ያስገባል፤ ግን ይሠራል። አንዲት የብርሃን ቅንጣት በፋይበር ውስጥ ሳትጠፋ እንዴት እንደምትጓዝ ማጥናት እፈልጋለሁ ብዬ ያመለከትኩት በዚህ ዲሽ ነው።

ከግንቦት ጀምሮ ዮፍታሄ "ሆላንድ" ብሎ ይጠራኝ ጀመር። "ሆላንድ፣ ሞደሙን አጥፍተሽ አብሪው።" "ሆላንድ፣ መሰላሉን የት ነው የምታደርጉት?" እሱም ማመልከቱን አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩትም። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ለቃለ መጠይቅ መመረጤ ሲነገረኝ ግን ልለምነው ግድ ሆነ፤ መስመራችንን የሚቆጣጠረው እሱ ነው። ጳጉሜን ሁለት ቀን ሐሙስ፣ ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት፣ እባክህ መስመሩን እንዳትነካብኝ አልኩት።

"የኔ ረቡዕ ነው" አለኝ።



ነገሩ እንዲገባ ስለ ደብዳቤው መናገር አለብኝ። እኛ በተማርንበት ክፍል የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፈው አስተማሪ አይደለም። ተማሪው ስለ ራሱ ጽፎ፣ አትሞ፣ ቢሮ ይዞ ይሄዳል። አስተማሪው ይፈርማል፣ ጸሐፊዋ ማኅተም ትመታለች። ዶክተር የሺጥላ ደብዳቤ ሲጠየቁ ቀና እንኳ ሳይሉ "ጽፈሽ አምጪ" ነበር የሚሉት፤ ወንድ ከሆነ "ጽፈህ አምጣ"። እንደ ማጭበርበር የሚያየው ሰው አልነበረም። እሳቸው ሥራ ይበዛባቸዋል፤ የሚጠቅመው ተማሪውን ነው፤ ታዲያ ማን ይጻፈው?

የእኛ ዓመት ደብዳቤ የእኔ ነበር። አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል። ስለ ራሴ በሌላ ሰው አፍ መናገር ስለነበረብኝ፣ በራሴ አፍ የማልደፍረውን ሁሉ እዚያ ላይ ደፈርኩት። "በሃያ ሁለት ዓመት የማስተማር ዘመኔ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አላየሁም" የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረበት። "ታዛዥ ናት" የሚልም ነበረበት፤ እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ውስጥ የማይቀር ቃል ስለሆነ። ዮፍታሄ ለናሙና ብሎ ወሰደው። ከእሱ በፍላሽ ወደ ሌሎቹ ሄደ። ሁሉም ስሙን ቀየረ፣ እሷን እሱ አደረገ፣ አስፈረመ። ምንያህል ኖርዌይ የገባው በዚያ ደብዳቤ ነው። ሁለቱ ቻይና ገብተውበታል። ሁሉም ወደተለያየ አገር ስለላኩት፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ያየ ሰው አልነበረም።

ሆላንዶቹ ደብዳቤውን አስተማሪው ራሱ በኢሜይል እንዲልክላቸው ይጠይቃሉ። ዶክተር የሺጥላም የለመዱትን አሉኝ፤ ጽፈሽ ላኪልኝ፣ ፈርሜ አሳልፈዋለሁ። አዲስ መጻፍ እችል ነበር። የድሮውን ግን እወደዋለሁ። ቀኑን ብቻ ቀይሬ ላክሁላቸው።

ዮፍታሄም ቀኑን ብቻ ቀይሮ ልኮላቸው ኖሯል።

ሐሙስ ዕለት እትዬ በዛብሽ የስብሰባ ክፍሏን እያጉረመረሙ ፈቀዱልኝ። ከኮንቴይነር የተሠራች ክፍል ናት፤ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮዋ ይግላል። የምን ትምህርት እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

"ኳንተም ነው ቋንጣ?" አሉ፤ ኩሽና ያሉት ሁሉ ሳቁ። "ለማንኛውም በአሥር ሰዓት የኤንጂኦ ሰዎች ስብሰባ አላቸው። አንቺ ልጅ፣ አንድ ደቂቃ ብታሳልፊ በሩን እከፍተዋለሁ።"

በሳተላይት ሲነጋገሩ ድምፅ ሄዶ እስኪመለስ ከአንድ ሰከንድ በላይ ይፈጃል። አንድ ነገር ተናግሮ ዝም ማለት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ቃል ከቃል ይጋጫል። ዝም ማለት ለእኔ አይከብደኝም። ስክሪኑ ላይ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ነጭ ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች ፕሮፌሰርና ከጎኗ ማስታወሻ የሚይዝ ወጣት ረዳቷ። ፈገግ አላሉም።

ፕሮፌሰሯ የጠየቀችኝ የማውቀውን ነው። ተራ ኔትወርክ ላይ ምልክቱ በመንገድ ሲደክም መሀል ላይ ያለ መሣሪያ ቅጂ አውጥቶ፣ አጠንክሮ ያሳልፈዋል። ኳንተም ኔትወርክ ላይ ለምን እንደዚያ አናደርግም? ቅጂ ስለማይወጣለት ነው አልኳት። ያልታወቀ የኳንተም ሁኔታ ሊገለበጥ አይችልም፤ ልገልብጥህ ያለው ሰው ያበላሸዋል፤ ያበላሸውም ያስታውቃል። መስመር የሚጠልፍን ሌባ የሚያጋልጠው ይኸው ነው፤ ሩቅ መላክን የሚያከብደውም ይኸው ነው። ታዲያ እንዴት ሩቅ ይላካል አለች። ቅንጣቶችን አስቀድሞ ጥንድ ጥንድ አድርጎ ስለ ማቆራኘት፣ ጥንዶቹንም መሀል ላይ እየያዙ ስለ መቀጠል ነገርኳት። ረዳቱ ራሱን ነቀነቀ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከማንም ጋር ያልተነጋገርኩት ነገር ነበር፤ ከአፌ ሳይደናቀፍ ሲወጣ ራሴን ደነቀኝ።

"ጥሩ" አለች ፕሮፌሰሯ። "አሁን ስለ ቅጂ ሌላ ጥያቄ አለኝ።"

ሁለት ወረቀት ወደ ካሜራው አነሳች። ከአንደኛው አነበበች፤ በሃያ ሁለት ዓመት የማስተማር ዘመኔ የሚለውን። ከሁለተኛውም ያንኑ አነበበች።

"ይሄ ስለ አንቺ የተጻፈ ነው። ይሄኛው ስለ ሌላ አመልካች። አስተማሪው አንድ ነው። ያንን አመልካች ስንጠይቀው፣ የእሱን ደብዳቤ ሌላ ሰው አግኝቶ ገልብጦት ሊሆን ይችላል ብሎናል። አንቺ ምን ትያለሽ?"

ኬብሉ እጄ ሥር ነበር። ብነቅለው ምስሉ ይቆማል፤ ጁባ ስለሆንኩ ማንም አይጠራጠርም። "ኔትወርክ ማፊ"፣ ኔትወርክ የለም ማለት፣ እዚህ ከተማ የማይመረመር ምክንያት ነው፤ ለባንክም፣ ለኤምባሲም፣ ለባልም ይሠራል። ሌላ ቀጠሮ ይሰጡኛል፤ እስከዚያ ከዮፍታሄ ጋር በአንድ ውሸት እንስማማለን። ይህን ሁሉ ለማሰብ ጊዜ ነበረኝ፤ ዝምታዬ የሳተላይቱ መዘግየት መስሏቸው እየጠበቁ ነበርና። ገልብጫለሁ ብል ሌባ ነኝ። የገለበጠው እሱ ነው ብል፣ ስለ ራሴ የጻፍኩት ራሴ ነኝ ማለቴ ነው።

"ሁለቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ" አልኩ።

ቃሉ ሄደ። ፊታቸው ላይ ሲደርስ አየሁት።

"አስተማሪው አልጻፉትም?"

"ፈረሙት።"

"አንብበውት ነበር?"

"አይመስለኝም።"

ረዳቱ ረዘም ያለ ነገር ጻፈ። ፕሮፌሰሯ መነጽሯን አውልቃ ዓይኖቿን አሸች። ከዚያ የምታደርገውን ነገረችኝ፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣም ርኅራኄም አልነበረም። ሁለቱም ደብዳቤዎች ይጣላሉ። አስተማሪው ስለ እያንዳንዳችን ራሳቸው ይጽፋሉ፤ እኛ አንነካውም፤ አናየውም። ራሷ ደውላ ትነግራቸዋለች። እስከ ሰኞ ካልደረሰ የሁለታችንም ማመልከቻ ይዘጋል።

ሰኞ መስከረም አንድ ነበር፤ እንቁጣጣሽ። አልነገርኳትም።

ዮፍታሄ ዓርብ ጠዋት የሆላንዶቹ ኢሜይል ደርሶት መጣ። አልጮኸም። ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ፣ እንግዶች ቁልፍ እስኪያስረክቡ ጠብቆ ተናገረ።

"አሥራ አንድ ሰው ሸጥሽ።"

"ሌባ ናት ያልካቸው አንተ ነህ።"

"ስምሽን አልጠራሁም።"

"ሁለት ነን እኮ ዮፍታሄ። ማን ይመስላቸዋል?"

"ኔትወርክ ማፊ ማለት አቅቶሽ ነው? ጁባ እኮ ነው ያለነው።" ወደ እኔ ጎንበስ አለ። "አሁን ኖርዌይ ደውለው ስለ ምንያህል ቢጠይቁስ? ሚስቱን ወስዷል። ወልዷል። በማን ደብዳቤ የገባ ይመስልሻል?"

ስለ ምንያህል አላሰብኩም ነበር። ኬብሉ አጠገብ ተቀምጬ ያሰብኩት ስለ ሁለት ሰዎች ብቻ ነው። ይህን ግን ለዮፍታሄ አልነገርኩትም።

"አንተ ያመለከትከው ገልብጠህ ነው፤ እኔ ጽፌ ነው" አልኩት።

"እሺ ደራሲዋ" አለ። "እስቲ አሁን ዶክተሩ ስላንቺ ምን እንደሚጽፉ እናያለን። ሰሌዳው መቼም አይረሳቸውም።"

ሰሌዳው እኔም አልረሳሁትም። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ዶክተር የሺጥላ ሰሌዳ ሞልተው ሲጽፉ ሦስተኛው መስመር ላይ ተሳሳቱ። አስተማሪ ስህተቱ የሚነገረው ከክፍል በኋላ ነው፤ ቢሮው ድረስ ሄዶ፣ ምናልባት እኔ ሳልረዳው ቀርቼ ይሆናል ተብሎ። እኔ ከኋላ ወንበር ተነስቼ ሦስተኛው መስመር ልክ አይደለም አልኩ። ክፍል ውስጥ ስናገር ሰምተው አያውቁም ነበር። ተቀመጪ አሉኝ። መቀመጥ አልቻልኩም፤ መስመሩ ልክ አልነበረማ። ስህተቱን እስኪያገኙት ቆሜ ጠበቅሁ። ከዚያ ቀን በኋላ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። ለደብዳቤ ስመጣም "ጽፈሽ አምጪ" ብቻ።

ያን ዕለት ከሰዓት ደወልኩላቸው። ሰላምታዬን አልመለሱም። በዚህ ዕድሜያቸው አንዲት የማያውቋት ሴት ደውላ የሚፈርሙትን ያነቡ እንደሆን ጠየቀቻቸው። በዓመት በዓል ዋዜማ፣ ሰው በግ በሚገዛበት ቀን፣ እንደ ተማሪ የቤት ሥራ ተሰጣቸው። ስማቸው አሁን ሆላንድ ውስጥ ምን ተብሎ እንደሚጠራ እንዳስበው ነገሩኝ። አላቋረጥኳቸውም።

"ጽፈሽ አምጪ ያልኩሽ አምኜሽ ነው" አሉ በመጨረሻ። "አሁን እኔ እጽፋለሁ። የማውቀውን።"

ስልኩን ዘጉት።

እንቁጣጣሽን ቁልፍ በመስጠትና በመቀበል ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ከዶክተር የሺጥላ ኢሜይል ደረሰኝ። እንኳን አደረሰሽ አይልም። "ለእነሱ የላክሁት ነው። እንዳታዪው ብለዋል። እኔ ደግሞ ከሰው ተደብቄ አልጽፍም" ይላል። የተያያዘውን ወረቀት ከፈትኩት። ማኅተም የለውም፤ ጸሐፊዋ በዓል ላይ ናት። እንግሊዝኛው ሸካራ ነው፤ የእሳቸው ነው።

"ፀደንያ ተማሪዬ ነበረች። ቀደም ሲል የላክሁትን ደብዳቤ የጻፈችው እሷ ናት፤ እኔ ሳላነብ ፈርሜያለሁ። እሷን እንደማልወዳት አስቀድሜ ልናገር። አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ ተሳሳትኩ። በተማሪዎች ሁሉ ፊት ነገረችኝ። ተቀመጪ አልኳት፤ አልተቀመጠችም። ስህተቱን ለማግኘት አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ፤ አርባ ደቂቃ ቆማ ጠበቀች። ልክ ነበረች። ዛሬም ያንን ትምህርት ሳስተምር ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ እጄ ይቆማል። የቀድሞውን ደብዳቤ አሁን ቃል በቃል አነበብኩት። ስለ ሥራዋ የተባለው እውነት ነው። ያገኘሁት ውሸት አንድ ነው፤ ታዛዥ ናት የሚለው።"

ፊርማቸው ከታች ነበር፤ ከዚህ በፊት ከማውቀው የተለቀ።

ሦስት ሳምንት መልስ ሳይመጣ አለፈ። መስቀል አለፈ። ከመስቀል በኋላ ባለው ሰኞ ኢንተርኔታችን ተበላሸ። ጨርሶ አልጠፋም፤ ደከመ። የኢሜይሎች ርእስ ይታያል፤ ውስጡ አይከፈትም። ያን ቀን ከሰዓት ከሆላንድ የመጣ ኢሜይል ገባ። ስሜ ርእሱ ላይ አለ። ነካሁት፤ ነጭ ገጽ መጣ። በስልኬ ሞከርኩ፤ የስልኩ ኔትወርክም ያን ሰሞን ማፊ ነበር።

ዘበኛችን ላዶ፣ ያ የኢንተርኔቱ ሰውዬ ጠዋት መጥቶ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ነበር አለኝ። ማን ጠርቶት እንደሆነ ጠየቅሁ። ማንም አልጠራውም።

እትዬ በዛብሽ ሁለት ቀን ሙሉ እኔን ረገሙ። ሁለት እንግዶች ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ጎረቤት ሆቴል ሄደዋል። መስመሩን ያበላሸሽው በዚያ ቋንጣሽ ነው አሉኝ። ዮፍታሄን በየሰዓቱ ያስደውሉኝ ነበር። ረቡዕ መጣ።

ዲሽ የሚስተካከለው በሁለት ሰው ነው። አንዱ ጣሪያ ላይ ሆኖ የብሎኑን ፍሬ በመፍቻ እያላላ ዲሹን በፀጉር ስፋት ያዞራል፤ ሌላው ታች ሆኖ ስክሪኑ ላይ ያለውን የምልክት ቁጥር ይጠራለታል። ከላይ ያለው ቁጥሩን አያይም። ከታች ያለው ዲሹን አይነካም። ሁለት ዓመት ስንሠራው የኖርን ሥራ ነው። የእኛ ጤነኛ ቁጥር አሥራ አንድ አካባቢ ነው።

"ስንት ነው?" አለ ከላይ።

"አምስት ነጥብ አራት።"

ብረቱ ጮኸ። "አሁንስ?"

"ስድስት። ሰባት ነጥብ አንድ። ስምንት ነጥብ ሁለት።"

ኢሜይሉን ነካሁት። ነጭ ገጽ።

"መልሴ ሰኞ ጠዋት ደርሶኛል" አለ። "ያንቺስ?"

"አልከፈት አለኝ።"

የመፍቻው ድምፅ ቆመ። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ አንድ እርምጃ ቢራመድ ይሰማ ነበር፤ አልተራመደም። ቁጥሩ ስምንት ነጥብ ሁለት ላይ እንደቆመ ነው። ልለምነው አፌን ከፈትኩ፤ ምን ብዬ እንደምለምነው አላገኘሁም። ስለዚህ የማውቀውን ሥራ ሠራሁ።

"ስምንት ነጥብ ሁለት" አልኩ። ትንሽ ቆይቼ ደገምኩት። "ስምንት ነጥብ ሁለት።"

አራተኛ ጊዜ ስጠራው ብረቱ ጮኸ።

"ዘጠኝ ነጥብ ስድስት" አልኩ። "አሥር ነጥብ አምስት። አሥራ አንድ ነጥብ ሦስት። እዚያ ጋ አጥብቀው።"

ገጹ ተከፈተ። ቦታው ከጥር ጀምሮ የእኔ እንደሆነ ይላል። ስሜን ሁለቴ አየሁት። ከታች ፕሮፌሰሯ በራሷ አንድ መስመር ጨምራለች፤ ሦስተኛው መስመር ላይ የነበረው ስህተት ምን እንደነበር ስመጣ እንድነግራት ትፈልጋለች። ስክሪኑን አጠፋሁት።

ዮፍታሄ በመሰላሉ ወርዶ ገባ። እጁ ቅባት ነበር። ፊቴን አየ። የድርጅቱን የሥራ ፎርም ሞልቶ ከነብዕሩ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ።

"ፈርሚ።"

በሁለት ዓመት ውስጥ ከአሥር በላይ እንዲህ ዓይነት ፎርም ፈርሜለታለሁ። ይሄኛውን ወደ ራሴ ሳብኩና ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። ቀኑ ልክ ነው። የሞደሙ ቁጥር ልክ ነው። የምልክቱ ቁጥር አሥራ አንድ ነጥብ ሦስት፤ ልክ ነው። የብልሽቱ ምክንያት በሚለው ቦታ "ነፋስ" ይላል።

"ከመስቀል ወዲህ ነፋስ አልነበረም" አልኩት።

"አንብበሽ ፈርመሽ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"ታዲያ ዛሬ ምን ተገኘ?"

ብዕሩን መለስኩለት። እትዬ በዛብሽ ከኩሽናው በር ላይ ሆነው ፈርሚለትና ይሂድ፣ ሰው አታቁሚ አሉኝ። አልተነሳሁም። ዮፍታሄ ወደ በሩ አየ፣ ወደ ጣሪያው አየ፣ ወደ ፎርሙ አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ "ነፋስ" የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘውና ከላዩ "ብሎን ላልቶ ነበር" ብሎ ጻፈ።

ማን እንዳላላው አይልም። ውሸት ግን የለበትም። ፈረምኩ።

ከሥሩ ያለውን የካርቦን ቅጂ ቀድዶ ሰጠኝና፣ መሰላሉን እዚያው ግድግዳው ላይ እንደተደገፈ ትቶ ሄደ።